የሞቀ ሰርግ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ነዘረና
«ሦስተኛው ዲስክ ታሟል» አለኝ በትሕትና፤
«ሙቀቱ ስልሳ አንድ፤ ያልተነበበ ሰባት፤
ቶሎ ካልደረሱ እኔ የለሁበት።»
ብርኖ ተኝታለች፤ ትራሙ ወደ ግቢው ገብቷል፤
ሰኔ ነው፣ የእነሱ ሰኔ፣ ዝናቡን ረስቷል።

ጥቁር ሣጥን አለችኝ፣ የጫማ ካርቶን ታህል፣
አራት ዲስክ የዋጠች፣ እንደ ንብ የምትል።
ፎቶ አንሺ ነኝ እኔ፣ ለቃሚ የሰው ደስታ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰርግ አለ እዚያች ቦታ፦
ከሽፒልቤርክ ግንብ ላይ ቬሏ የበረረ፣
ሚኩሎቭ ወይን ማሳ ሚዜው ሰክሮ ያደረ።
የተፋቱም አሉ፤ ዲስኩ ግን አልሰማም፤
እዚያ ይሳሳማሉ፤ ማንም አያማም።

«ሰርግማ ይሞቃል!» ብዬ ቀለድኩ ለራሴ፣
ክዳኑን ስፈታ፣ ቡሎኑን ይዤ በጥርሴ።
ግን ሁለት መቶ ድግስ አንድ ዳስ ሲጠበው
ያ ሙቀት አይደለም፤ ቃጠሎ ነው የሚባለው።

ማራገቢያው ላይ አቧራ፣ የጎረቤት ድመት ጠጉር፤
በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፣ እስኪታይ ድረስ ጥቁር።
አበራሁት። ስልሳ።
ገመዱን ቀየርኩት። ስልሳ፣ ከአንድ ነጥብ በቀር።

በማግስቱ አዲስ ዲስክ፤ ከቤት ኪራይ ነካሁ፤
የታመመውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ።
ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እሱንም አተኮሰው።
(ሦስት ቀን አልቦኛል፣ እንደ አስታማሚ ሰው።)
ሦስትን ወደ አንድ፣ አንድን ወደ ሦስት አዛወርኩ፤
ታማሚው ዳነ፣ ጤነኛው ታመመ፤ ያኔ ጠረጠርኩ፦
በሽታው ያለው ከአልጋው ነው፣ ከተኛው አይደለም፤
ከሦስተኛው አልጋ ጀርባ ደግሞ ከግድግዳ በቀር ምንም የለም።

እጄን ዘረጋሁ።
ግድግዳው ትኩሳት ይዞታል፤ መዳፌን ለበለበው።
በሰኔ ማሞቂያ? ማን ነው የሚያስበው?

ከወዲያ ፓኒ ቦሁሚላ ናት፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፤
በሯን አንኳኳሁ፤ ወጣች በሱፍ ካፖርቷ።
«ፓኔ ምናሴ፣ ግቡ፤ በሩን ዝጉት ቶሎ፤
አጥንቴን ይበርደኛል፤ ደሜ ሄደ ቀሎ።»
ማሞቂያው አምስት ላይ። ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ።
ልናገር አፌን ከፈትኩ፤
ሻይ ቀዳች። ዘጋሁት። እንዴት ይባላል «ይቀንስ»?
ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሌላ ሰው ሰርግ
አሮጊት ይብረዳት ልበል? እሱን አላደርግ።
የትራም ትኬት ዋጋን አማን። ወጣሁ።

ሣጥኗን ሦስት ክንድ ወደ ሰሜን መስኮት አዞርኳት፤
ከወለሉ በሁለት ጡብ ከፍ አድርጌ አኖርኳት።
አርባ አምስት። አርባ። ሲነጋ ሠላሳ ስምንት።
ሁሉንም ገለበጥኩ፣ ቆጠርኩ፣ ቀን ከሌት፤
ሰባቱ ክፍል ግን አልተመለሰም፤ ሞቶ ቀረ፤
ከአንድ ፎቶ ላይ ሙሽራው፣ ከወገቡ በላይ፣ ግራጫ ሆኖ አደረ።
ለሙሽሪት ደወልኩ፣ ይቅርታ ልል ፈርቼ፤
«እኔም ቆርጬዋለሁ» አለች፣ «አምና፣ በመቀስ፣ ተፋትቼ።»

በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ተንኳኳ፣
ቀስ ብሎ፣ በጣት፤ ከውጭ የለም ኮሽታ እንኳ።
በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።
«ግድግዳዬ ውስጥ ንብ ነበረች» አለች፣ «ድምጿ ጠፍቷል።
የምታስተኛኝ እሷ ነበረች። ታማ ነው? ወይስ በረረች?»
እኔ ምን ልበል?
«መስኮት አይታ ነው» አልኩ፣ «ሞቋት ነበረች።»

ተመልሼ ሣጥኗን አንድ ክንድ ወደ ግድግዳው ገፋሁ።
አርባ ሁለት።
ጆሮዬን ለጥፌ ቆየሁ፤
ከወዲያ ሳል፣ ቀጥሎ የአልጋ ሽቦ ሰማሁ፤
ከዚያ ምንም።